ከደመወዝ ወደ «ሃይላንድ»

መካነ ሰላም ገበያ ብትወጡ ዘይቱም አረቄውም የሚቀዳው በ«ሃይላንድ» ነው። ቃሉ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም እንደነበር የሚያስታውስ ግን ብዙ የለም።

ውኃውን ያመጣው ኤርሚያስ አመልጋ ነው። አሜሪካ፣ ዎል ስትሪት የያዘውን ሥራ ትቶ አገሩ ገባና ውኃ አሽጎ መሸጥ ጀመረ። ምንጭ ባለበት አገር ውኃ መሸጥ! ስሙ እስከ ቦረና ደጋ ድረስ ዘለቀ። ኋላ ዘመን ባንክን ከመሠረቱት ዋናው ሆነ፤ አክሰስ ሪል እስቴት ግን ቤት ገዢዎችን ለዓመታት ካስጠበቀ ውዝግብ ውስጥ ገባ። ይሄ ሳይነሳ «ደፍረህ ውጣ» ማለት ልክ አይመስለኝም።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መካነ ሰላም ያለ መምህር ከደመወዙ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ መንግሥት 11 ይጨምርለታል። ሲለቅ ይሄ መዋጮ ይቆማል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዋስትናው ነው። ትናንት ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ለዘመድ ለጎረቤቱ ዋስ ይሆን ነበር። መልቀቂያ ባስገባ ማግስት እሱ ራሱ ብድር ፈላጊ ነው፤ «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» ይባላል። ማንን ያምጣ? የትናንት ባልደረቦቹን ነዋ! እነሱ ደግሞ ቀድመው ለሌላ ፈርመዋል።

ሱቁ ቢከፈትስ? ገበሬው እጅ ብር የሚገባው አዝመራ ሲሰበሰብ ነው። ክረምቱን በሙሉ የዱቤ መዝገብ ሲሞላ ይከርማል፤ የቤት ኪራዩ ግን በየወሩ ነው።