ያቺ ትንሽ ወፍ አቃቂን በምን አገኘችው?

ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። የልጄ ልጅ ከመስክ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ እጁን ከኋላው ደብቋል፤ ፊቱ ግን የደበቀውን እየተናገረበት ነው።

«አባባ፣ አትቆጣኝም?»

እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ላይ ትንሽ ወፍ ተኝታለች። ወንጭፉ ከኪሱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

አቃቂ የኖረ ሰው ይህቺን ወፍ በስም ባይጠራትም ያውቃታል። ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች፤ ከከብት እግር ሥር ሳትጠፋ፣ ጭራዋን ላይ ታች እያወዛወዘች ዝንብ ትለቅማለች። የጎለመሰው ወንድ ሆዱ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው። ልጁ የያዛት ግን ቢጫነቷ የደበዘዘ፣ ጀርባዋ አመድማ ነበረች። በዚህ ወቅት እንዲህ የሚመስሉት ሴቶቹና በዓመቱ የተፈለፈሉት ናቸው። አገላብጬ ሳያት የዘንድሮ ጫጩት መሰለችኝ። ክብደቷ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢያክል ነው።

ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ከየት ነው የመጣችው?» አለ። ከምሥራቅ አውሮፓ ወይም ከሩሲያ በኩል ሳትሆን አትቀርም፣ በረሃ አቋርጣ፣ አልኩት። ዝም ብሎ አያትና «መንገዱን ማን አሳያት?» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ «በደመ ነፍስ» ብለን እናልፈው ነበር። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፣ እኔም አርምላቸዋለሁ፤ ሁላችንም ያወቅን ይመስለን ነበር። ያን ቀን ግን የሞተች ወፍ ይዞ ለቆመ ልጅ «በደመ ነፍስ» ማለት አፈርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያነበብኩትን አስታውሼ፣ እየቆራረጥኩ እስከ ማታ ነገርኩት።

በመጀመሪያ የነገርኩት ወላጆችን የሚመለከተውን ነው። እንደ መለከት እየጮኹ ወደ አቃቂ መስክ የሚወርዱት ግራጫ፣ ባለ ረጅም አንገት ትልልቅ ወፎች የሚጓዙት በቤተሰብ ነው። ጫጩቱ የመጀመሪያውን ጉዞ ከእናትና ከአባቱ ጋር ሆኖ መንገዱን ይማራል። ከትንንሾቹ ወፎች ብዙዎቹ ግን እንዲህ አይደሉም። ጫጩቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይዞ ይወለዳል። ፔርዴክ የተባለ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ ከ11 ሺህ የሚበልጡ ተጓዥ ወፎችን አገሩ ላይ አጥምዶ ስዊዘርላንድ ወስዶ ለቀቃቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። የበሰሉት ወፎች እንደተወሰዱ ገብቷቸው ወደ ለመዱት አገር ዞሩ። ጫጩቶቹ ግን ከተወለዱ ጀምሮ የያዙትን አቅጣጫ ሳይለቁ በረሩና ስፔን ድረስ የገቡ ነበሩ። አቅጣጫ እንጂ ካርታ አልነበራቸውም።

ታዲያ አቅጣጫውንስ በምን ይለዩታል? በፀሐይም በከዋክብትም። ደመና ሲሸፍን ደግሞ መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናትና በእሷ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ ቮልፍጋንግ ቪልችኮ ሮቢን የምትባለውን ደረተ ቀይ የአውሮፓ ወፍ ዝግ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የማግኔቱን መስክ በጥቅል ሽቦ ሲያዞረው፣ ወፏም ልትሄድበት የምትፈልገውን አቅጣጫ አብራ አዞረች። ከዚያ የመጣው ግኝት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ወፎቹ በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን በትክክል ይመራሉ፤ በቀይ ብርሃን ሥር ግን ይጠፋባቸዋል። ኮምፓስ ጨለማ ውስጥም ይሠራል፤ ይህኛው ግን የብርሃን ቀለም ይመርጣል። እንግዲህ ፍለጋው ወደ ዓይን ዞረ።

ዓይን ውስጥ የተገኘው ክሪፕቶክሮም የሚባል ፕሮቲን ነው። የእኛም ሰውነት የዚህ ፕሮቲን ዘመዶች አሉት፤ እንቅልፍና ንቃታችንን በሚመራው የውስጥ ሰዓት ውስጥ ይሠራሉ። ፕሮቲኑ በጉያው የያዛት ብርሃን ተቀባይ ቅንጣት የምትሠራው ከቫይታሚን ቢ2 ነው፤ ከወተትና ከእንቁላል ከምናገኘው ማለት ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባት አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይዘላል፤ እንደ ድንጋይ መሻገሪያ በተደረደሩ አራት እርከኖች ላይ እየረገጠ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮኖች በሁለት ዳር ይቀራሉ። የእነዚህ የሁለቱ ሁኔታ በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሳ፣ ማቀዝቀዣ በር ላይ ከምንለጥፈው ማግኔት ከመቶ እጥፍ በላይ የደከመው የመሬት ማግኔት እንኳ ይነካዋል። ወፏ ወደየት እንደዞረች የኬሚካሉ ውጤት ይለያያል ማለት ነው። እንግዲህ አቅጣጫውን የምታየው፣ በምታየው መልክዓ ምድር ላይ እንደወደቀ ጥላ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2021 የኦልደንበርግና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሮቢንን ክሪፕቶክሮም 4 ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርተው ለማግኔት ምላሽ እንደሚሰጥ አሳዩ። ከማይሰደዱት ከዶሮና ከርግብ የተወሰደው ምላሹ ደካማ ነበር። በሕይወት ባለች ወፍ ዓይን ውስጥ በእርግጥ ይኸው ሥራ ሲሠራ ግን እስካሁን በዓይን ያየ የለም፤ ይህንንም ለልጁ አልደበቅኩትም።

አንዳንድ ጎረቤቶቼ ወፍ የጠፋው በስልክ ማማ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የኦልደንበርግ ጥናት የሮቢንን ኮምፓስ የሚያውከው የኤኤም ሬዲዮ የሚገኝበት ዝቅተኛው የሞገድ ክልል መሆኑን ነው ያሳየው፤ የስልክ ሞገድ ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ለወፍ መጥፋት ሰበብ ፍለጋ ማማ ላይ መውጣት ያለብን አይመስለኝም።

ልጁ ያልጠየቀኝ፣ እኔን ግን ሌሊቱን ያስተኛኝ ያጣሁት ሌላ ነገር ነበር። የወፍ ኮምፓስ እንደኛ ሰሜንና ደቡብ ብሎ አይለይም፤ የሚያነበው የማግኔቱ መስመር ወደ መሬት ያዘነበለበትን ማዕዘን ነው። በዋልታዎቹ አካባቢ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በአውሮፓ ያዘነብላል። መስመሩ ጠፍጣፋ የሚተኛበት ቦታ የማግኔት ወገብ ይባላል፤ እሱም የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሳይርቅ። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ58 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን፣ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን አራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ያቺ ወፍ አገሯን ስትለቅ ያዘነበለው መስመር ወደኛ በቀረበች ቁጥር እየተጋደመ ይመጣል፤ እዚህ ስትደርስ ጠፍጣፋ ነው። ኮምፓሷ ወዴት እንደሆነ የማይነግርበት ቦታ ነው የእኛ ሰፈር። በኢትዮጵያ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሌላ ትንሽ ወፍ አለ። ቪልችኮና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ሙከራ ይህን ወፍ ጠፍጣፋ መስክ ውስጥ ካቆዩት በኋላ ንባቡን ገለበጠው፤ ከወገቡ ማዶ ወደ ደቡብ መቀጠል የሚችለው እንዲያ ሲሆን ነው። የኛይቱን ቢጫ ወፍ ግን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አላጋጠመኝም።

እሑድ ጠዋት ወፏን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበራት። ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል በኩል ወረድን። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ለወፎች አስፈላጊ ከሆኑ የዓለም ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ሐይቅ ግን ዛሬ እንቦጭ ለብሷል፤ ሁለቱ የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ያመጡለታል። ልጅ ሳለሁ ከብት የምንጠብቅበት መስክ ግማሹ ቤት ሆኗል። በረሃ ያቋረጠች ጫጩት ዓይኗ ያመጣት እዚህ ነው።

ከብቶቹ መሐል ሃያ ሦስት ቆጠረ። ከዚያ «ከእነዚህ ከእናቱ ጋር የመጣው የትኛው ነው?» አለኝ። ጫጩቶቹ ለየራሳቸው ሳይመጡ አይቀሩም፣ አልኩት።

«ሲመለሱስ?»

«መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይሄዳሉ።»

አንዷ ከእግራችን አሥር እርምጃ ላይ አረፈች። ወንጭፉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ጭራዋን እያወዛወዘች ወደ ላሚቱ ሄደች።