ገጠር ያደገ ሰው የደም ቧንቧ በሽታ አይዘውም?

የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችሁ «የሀብታም በሽታ» የምትሉት የደም ቧንቧ በሽታ ነው።

ከልብ ደም ይዘው የሚወጡት ቧንቧዎች፣ ደም ቅዳ የምንላቸው፣ በልጅነት ለስላሳና ተለጣጭ ናቸው። የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ የስኳር በሽታና የስብ ብዛት ለዓመታት ሲፈራረቁባቸው ግን ውስጣቸው ይጎዳል፤ ስብ በግድግዳቸው ይጋገራል፤ መተላለፊያው ይጠባል። አንድ ቀን የረጋ ደም ይዘጋዋል። የተዘጋው የልብ ቧንቧ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይባላል።

ለመሆኑ ከተማና ገጠርን ምን ለያቸው? ገበሬው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ያርሳል፣ ገበያም በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። የከተማው ሰው በታክሲ ይሄዳል፣ ተቀምጦ ይሠራል፣ ዘይትና ስኳር በየቀኑ ያገኛል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት እንደሚያሳየው ከ25 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው ነዋሪዎች ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ ከመቶ 16 ያህል ነበር። (በዚህኛው ወጣቶችም ስለተካተቱ ልዩነቱን ሁሉ ለከተማ መስጠት አይገባም።)

ገጠሬውም ቢሆን ዋስትና የለውም። በዚያው የ2015 ጥናት ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ጨው ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። በጎጆ ውስጥ የሚታፈነው የማገዶ ጭስም ቧንቧን ይጎዳል።

ሐርጌሳ የምትኖሩትስ? ከገጠር ጨዉንና ጭሱን ይዛችሁ መጥታችሁ እርሻውንና የእግር መንገዱን ትታችኋል። ከከተማ ደግሞ ዘይት የበዛበት ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር የበዛበት ሻይ ተጨምሯል። ወረቀት ሲጠበቅ ቀኑ በመቀመጥ ያልፋል። በወጃሌ በኩል የሚገባው ጫትም አለ፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራ ሲታከልበት ይብሳል።

ስለዚህ ከሚረጋው ይልቅ ፈሳሹን ዘይት ምረጡ፤ እሱንም በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። በርበሬው ጨው ካለው ወጡ ላይ ሌላ አትድገሙ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ባንድ ዓመት ውስጥ በሲጋራ ምክንያት የተጨመረበት የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል።

የደም ግፊት ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ራስ ምታት እስኪመጣ አትጠብቁ። ክሊኒክ ስትሄዱ ተለኩ። ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። ክኒን የታዘዘላችሁ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ፤ የተሻላችሁ በክኒኑ ነው። የጎረቤትንም ክኒን አትዋሱ።

አንድ ሰው ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጁን ማንሣት ካቃተው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ወይም ደረቱን አፍኖ ወደ ግራ ክንዱ የሚወርድ ሕመም ከያዘው፣ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይሽረዋል» ብላችሁ አታሳድሩት። ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።