ሳምንቱን በሊጥ መቁጠር

ለዛሬ እራት የሚቀርብ እንጀራ ዛሬ አይጀመርም። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ምጣዱ ታስሶ ይጋገራል። የተጋገረውም ሌማት ላይ 3 ወይም 4 ቀን ቢሰነብት ነው፤ ከዚያ ይሻግታል። ስለዚህ በቤቷ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሁሉ፣ አንድ መስመር ባትጽፍም፣ ሳምንቷን አስቀድማ የምታሰላ ሰው ናት። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን፣ ቅዳሜ እንግዳ እንደሚመጣ፣ ውኃ የሚለቀቀው በየትኛው ቀን እንደሆነ በልቧ ይዛ ነው እጇን ቡሃቃው ውስጥ የምትከተው።

የሚገርመው ይህ ስሌት ከቡሃቃው አልፎ አለመሄዱ ነው። ለሊጥ 3 ቀን ቀድሞ የሚያስብ ቤት፣ የልጁን ዩኒፎርም የሚተኩሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ ክላክስ እያደረገ ነው። ሽንኩርት በየቀኑ ከጉሊት በግማሽ ኪሎ ይገዛል። የመብራት ካርዱ ማለቁ የሚታወቀው ቤቱ ሲጨልም ነው። የቤት ሥራ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ቀኑን የሚበላው ግን ሥራው ብቻ አይደለም፤ በአንዱና በሌላው ሥራ መሀል ያለው ፍለጋ፣ ምልልስና «ዛሬ ደግሞ ምን ይሠራ?» የሚለው ጭንቀት ጭምር ነው። ሊቀነስ የሚችለውም በአብዛኛው ይኸው መሀል ያለው ነው።

ይህን በቁጥር ካሳዩት አንዷ አሜሪካዊቷ መሐንዲስና የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሊያን ጊልብሬዝ ናቸው። ከባለቤታቸው ከፍራንክ ጋር ሆነው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አንድ ሥራ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ በፊልም እየቀረጹ ያጠኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ፍራንክ በድንገት ሞቱ። ብዙ ድርጅቶች ከሴት መሐንዲስ ጋር ውል መግባት አልፈለጉም። 11 ልጆች የማሳደግ ኃላፊነት ብቻቸውን የወደቀባቸው ሊሊያን፣ እውቀታቸውን ይዘው ወደ ማዕድ ቤት ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1929 በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ የጋዝ ኩባንያ አንድ ሞዴል ኩሽና ነደፉና አንድ ዓይነት የእንጆሪ ኬክ በተለመደው ኩሽናም በአዲሱም ተሠርቶ ተነጻጸረ። በድሮው 281 እርምጃ ያስኬደው ሥራ በአዲሱ 45 እርምጃ ብቻ ጠየቀ። ኬኩ ያው ነው፤ የተለወጠው ምድጃው፣ ጠረጴዛውና ዕቃው የተቀመጡበት ቦታ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው በእግር ተረግጦ የሚከፈት የቆሻሻ ቅርጫትና በፍሪጅ በር ላይ ያለው መደርደሪያም ከእኚሁ ሴት ስም ጋር አብረው ይነሳሉ።

ከሊሊያን ሞዴል ኩሽና 3 ዓመት ቀደም ብሎ ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በጀርመን ፍራንክፈርት ለሚገነቡ አነስተኛ አፓርታማዎች ኩሽና ነድፈው ነበር። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነው። ሐሳቡን ካገኙባቸው ነገሮች አንዱ የባቡር ምግብ ቤት ነው፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ቆሞ ለብዙ ሰው ምግብ ይደርሳል። ለሩዝና ለስኳር ስማቸው የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች፣ ሲፈለግ ከግድግዳ የሚዘረጋ የልብስ መተኮሻ ሰሌዳ አደረጉለት። እንዲህ ዓይነት ኩሽና 10,000 በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ገባ።

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ኩሽናው ጠባብ ነው ብሎ ቢማረር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጠባብነቱ በደንብ ከተያዘ እግርን ያሳርፋል። ይልቅ ከባዱ ደረጃው ነው። ኮሚናል በሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት የሚጋግሩ ሰዎች ሊጥ ተሸክመው ከ4ኛ ፎቅ ይወርዳሉ፤ ማሰሻው ከተረሳ ሊፍት በሌለው ሕንፃ እንደገና መውጣት ነው። ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ የሊጥ መቅጃው ጆግና ጨርቁ ሁልጊዜ በአንድ ሳፋ ውስጥ ቢቀመጡ ያ ደረጃ ሁለት ጊዜ አይወጣም።

የቡና ዕቃም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት ጀበናው ኩሽና፣ ስኒው ብፌ ውስጥ፣ እጣኑ መኝታ ቤት፣ ከሰሉ በረንዳ ላይ ነው። ዕቃን በዓይነቱ መደርደር ለዓይን ያምራል፤ አብሮ የሚሠራውን አብሮ ማስቀመጥ ግን ጊዜ ያተርፋል። በየቀኑ የሚነካው በእጅ በሚደረስበት ከፍታ፣ በሳምንት አንዴ የሚፈለገው ከታች፣ የበዓል ትልልቅ ድስቶች ደግሞ ከቁምሳጥን ላይ ወይም ከአልጋ ሥር ቢሆኑ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ለእንግዳ የተቀመጠው ብርጭቆ ምርጡን መደርደሪያ ይዞ፣ የየቀኑ ሳህን ማጠቢያው ላይ ተቆልሎ ይኖራል።

አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥን በተመለከተ ኢትዮጵያዊ ቤት ከማንም ትምህርት አይፈልግም። በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ቅመሙ ተለቅሞ፣ ወፍጮ ቤት ተወስዶ የሚፈጀው ብዙ ቀን፣ በኋላ ለወራት ወጥ የመሥሪያን ጊዜ ይቀንሳል። ሽሮም እንደዚያው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ልጅ በሻንጣ የሚላከው ሽሮና በርበሬ የእናት ፍቅር መሆኑ አያጠያይቅም፤ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ደግሞ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ እራት ነው። ይህ ልማድ አንድ እርምጃ ቢራመድ ቁሌት ላይ ይደርሳል። ወጥ የሚያስረዝመው ሽንኩርቱን መክተፍና ማቁላላት ስለሆነ፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ 3 ኪሎ ሽንኩርት አንድ ላይ ተከትፎና ተቁላልቶ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ቢገባ፣ በሳምንቱ ውስጥ ምስሩም ሆነ ሥጋው በዚያ ላይ ይጨመራል። በጾም ቀን እንዳያስቸግር ቁሌቱን በዘይት ሠርቶ፣ ቅቤውን ለፍስኩ ቀን ወጡ ሲወጣ መጨመር ይቻላል።

ለሳምንቱ ቋሚ የሆኑ ነገሮች በየቤቱ አሉ፤ ዕቅድ የሚጀመረውም ከእነሱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እጥበት የሚውለው ውኃው በሚለቀቅበት ቀን ነው፤ ጀሪካንና ሮቶ የሚሞላውም ያኔ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሚጎትት በመሆኑ፣ ሁሉም ቤት እራት በሚያበስልበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመጋገር ጠዋት ማለዳ ወይም ከሰዓት በኋላ መጋገር ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ በሚጾምበት ቤት የእነዚያ ቀናት ምግብ ግማሹ ተወስኗል፤ የዓርብ ጁምዓ ሶላት ባለበት ቤትም የቀኑ መሀል ተይዟል። እነዚህ ከተጻፉ የቀረው ክፍት ቦታ ይታያል። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው ሰው ከክፍት ቦታው ጀምሮ ሁሉን ሊሞላው ሲሞክር ነው።

ሌላው የሚያፈርሰው የጊዜ ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሮጀር ቢዩለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ እንዲገምቱ ጠየቋቸው። አማካይ ግምቱ 34 ቀን ገደማ ነበር፤ የፈጀው 55 ቀን ተኩል ሆነ። ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ ስለዚህ ዓይነቱ ስሕተት እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈው ነበር፤ ሰው ሲያቅድ ያለፈውን ልምዱን ትቶ ሁሉም ነገር የሚሳካበትን ቀን ብቻ ያስባል። «ሾላ ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው ታክሲ የሚጠበቅበትን፣ ዋጋ የሚከራከርበትን፣ ጎረቤት አግኝቶ ሰላምታ የሚለዋወጥበትን ጊዜ አይቆጥርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለፈው ጊዜ ስንት ሰዓት ፈጀ? ለዛሬም የሚያዘው ያው ነው።

በኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ በብዙ ሀገር የማይታወቅ ችግር አለ፤ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠርና ሁለት ዓይነት ቀን መቁጠሪያ። ማኅበሩና እድሩ በኢትዮጵያ ወር ይቆጠራሉ፤ የቪዛ ቀጠሮው፣ የአውሮፕላኑ ትኬትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ስብሰባ በአውሮፓውያኑ ናቸው። ስልኩ 9 ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 3 ይላል። ውጭ ሀገር በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ይብሳል፤ አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ጋር የሚያዝ የስልክ ቀጠሮ ላይ የሰዓት ልዩነቱም ይጨመራል። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየው የግድግዳ ካላንደር ለዚህ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ይሻላል፣ ምክንያቱም አያትም ልጅም ያዩታል። ቀጠሮ ሲጻፍበት «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል አይቅር፤ ወርሃዊ ክፍያዎችም እዚያው ይስፈሩ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመብራትና የውኃ ክፍያ ሰልፍ ለብዙዎች ቀርቷል፤ የሚቀረው ቀኑን ማስታወስ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ ቤቱ ተደራጀ ማለት አይቻልም። አሜሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቤት ውስጥ ማሽኖች ሲበዙ የሴቶች የሥራ ሰዓት ለምን እንደተጠበቀው እንዳልቀነሰ አብራርተዋል። የብረት ምድጃው ሲመጣ የቀለለው እንጨት ይፈልጥ የነበረው የወንዱ ሥራ ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲገባ ልብስ ቶሎ ቶሎ መቀየር ተለመደ፤ ለእጥበት ወደ ውጭ ይሰጥ የነበረውም ወደ ቤት ተመለሰ። በኢትዮጵያም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ክፍያ የሌለውን የቤት ሥራ በአብዛኛው የሚሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ በማሽን አይፈታም፤ ሥራው በስም ሲከፋፈል እንጂ።

የጊልብሬዝ ቤተሰብ ለዚህ የቤተሰብ ምክር ቤት ነበረው። ወላጆችና ልጆች ተቀምጠው ሥራ ይመድባሉ፤ የሚሠራውም በሠንጠረዥ ተለጥፎ ይታይ ነበር። በአንድ የአዲስ አበባ ቤት ይህ ቡና ሲፈላ በ15 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። ልዩነት የሚያመጣው ሥራው በሙሉ መሰጠቱ ነው። ባልየው «ልርዳሽ» ብሎ ሽንኩርት ቢልጥ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንዳለቀ የማሰቡ ሸክም አሁንም የእሷ ነው። የሳምንቱን አስቤዛ ዝርዝሩን ከመጻፍ እስከ መግዛት እሱ ከያዘው ግን ጭንቀቱም አብሮ ይሄዳል። የ8 ዓመት ልጅ ቦርሳውን ማታ ማዘጋጀትና ጫማውን መጥረግ ይችላል፤ ወንድ ልጅ ነው ተብሎ የሚተው ከሆነ ለእህቱም ለእሱም በደል ነው። የቤት ሠራተኛ ባለችበት ቤትም ዕቅዱ ለእሷም መነገር አለበት። የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ድንገት የሚመጣ ትእዛዝ ከክፍል ያስቀራታል፤ የእሷም ጊዜ ጊዜ ነው።

አዲስ ልማድ እስኪለመድ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አገኙ፤ እንደ ሰውየውና እንደ ድርጊቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ብዙም አልጎዳም። ጥናቱ ላይ ሰዎቹ አዲሱን ነገር ያያያዙት በየቀኑ ከሚመጣ ነገር ጋር ነበር፤ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ ጋር። ቤት ውስጥም ሁሉንም ነገር በአንድ ሰኞ መጀመር አይጠቅምም። እራት ሲነሳ ዩኒፎርም ማዘጋጀት ብቻ ከተለመደ ጠዋቱ ይቀላል፤ ሁለተኛው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደግሞ የሐበሻ ቤት ዕቅድ ልቅ ቦታ ከሌለው በመጀመሪያው ሳምንት ይሰበራል። ለቅሶ በቀጠሮ አይመጣም። እንግዳ ሳይደውል ይመጣል፤ ሊመጣም ይገባዋል፣ በር የሚከፈትለት ቤት መሆን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ አንድ ማታ፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ ምንም ሳይጻፍበት ይተው፤ ማክሰኞ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ሥራውን ወደዚያ ያሻግራል። ምን እንደሚሻገርና ምን እንደማይሻገር ቀድሞ መለየትም ይረዳል። የሕፃን ክትባት፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የታማሚ መድኃኒት ቀናቸውን ይጠብቃሉ። መጋረጃ ማጠብና ቁምሳጥን ማራገፍ ግን አንድ ወር ቢቆዩ ማንንም አይጎዱም።