ባሕርን መቀመም፦ የኮራል ገንዳ በአርባ ምንጭ

ኢትዮጵያ ውስጥ ኮራል አለ፤ ግን ደረቅ ነው። አፋር፣ በዳናክል ረባዳ ዳርቻ የሚታየው የኮራል አለት ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ረባዳው ገብቶ ሳለ የበቀለ፣ ባሕሩ ሲሸሽም ድንጋይ ሆኖ የቀረ ነው። ሕያው ኮራል ማየት የፈለገ ሰው ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዳሕላክ ደሴቶች መሻገር አለበት። ሌላው መንገድ ባሕሩን ቤት ውስጥ መሥራት ነው። የኮራል ገንዳ የሚባለው ይህ ነው፤ ጨዋማ ውሃ፣ አለት፣ ጠንካራ መብራትና ቀንና ሌሊት ውሃውን የሚያናውጽ ፓምፕ ያለው የመስታወት ሣጥን። አርባ ምንጭ ላይ እንዲህ ያለ ገንዳ ማቆም ከባድ ቢሆንም የማይቻል አይደለም። ክብደቱ ግን ብዙዎች በሚጠብቁበት ቦታ አይደለም።

ኮራል ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ከብርሃን ስኳር ይሠሩለታል፣ እሱ ደግሞ መጠለያ ይሰጣቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱ ካልበረደለትም በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ገንዳው ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መርጋት አለበት። መብራቱም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይሆናል፤ ባሕር ውስጥ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ብርሃን ሰማያዊው ነውና።

ቀጥሎ ውሃው ራሱ አለ፤ «በአገራችን ጨው ሞልቶ የለ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 30 ግራም ገደማው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ማለትም የወጥ ጨው። ኮራሉን የሚያኖረው ግን የቀረው ነው፦ አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔት፣ እጅግ በጥቂቱ ደግሞ ሌሎች ንጥረ ነገሮች። የአፋር አሞሌ ራሱ የዚያው የጥንት ባሕር ቅሪት ነው፤ ሆኖም ባሕሩን መልሶ አይሰጠንም። ምክንያቱም ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በአንድ ላይ አይረጉም። መጀመሪያ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይረጋሉ፣ ቀጥሎ አሞሌ የሚፈለጥበት ጨው፣ በመጨረሻ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የያዙት ጨዎች። አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ፖታሽ፣ ማለትም የፖታሲየም ጨው፣ ለብቻው ተደርቦ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ተፈጥሮ ለያይታ ያስቀመጠችውን አንዱን ንብርብር ብቻ ውሃ ውስጥ ማሟሟት የጨው ውሃ ይሰጣል እንጂ ባሕር አይሰጥም። እኔን ከዚህ ሙያ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የአገራችን መሬት ባሕርን እንዴት እንደምትበታትነው በግልጽ ታሳያለች፣ የገንዳ ሠሪው ሥራ ደግሞ የተበተነውን በልኩ መልሶ መቀመም ነው።

ስለዚህ ለኮራል ተብሎ የተመጠነ የባሕር ጨው ከውጭ መምጣት አለበት። ለ100 ሊትር ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ይፈጃል። ጨው ተነክቶበት በማያውቅ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በፓምፕ እየተናጠ አንድ ቀን ይሟሟል፤ ከዚያ በጨው መለኪያ ታይቶ 35 ላይ ሲቆም ወደ ገንዳው ይገባል። የሚሟሟበት ውሃም ንጹሕ መሆን አለበት። ከከተማዋ በታች ካለው ደን የሚፈልቁት ምንጮች ለመጠጥ በረከት ናቸው፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ግን ማዕድንና ክሎሪን ሊይዝ ስለሚችል በሪቨርስ ኦስሞሲስ ይጣራል። ከጫሞ ወይም ከአባያ ቀድቶ ጨው መጨመርም አያዋጣም። ሁለቱም ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሚበዛባቸው ሐይቆች ናቸው፤ የጫሞ ፒኤች 9 አካባቢ ነው፣ የባሕር ግን 8.2 ገደማ። ጫሞ ውስጥ ደልቶት የሚኖረው ቆሮሶ የለመደው ውሃ ለኮራል ባዕድ ነው።

ውሃው ተቀምሞ፣ አለቱ ተደርድሮ፣ ፓምፑ ሲነሳ ገንዳው ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። የእንስሳት ቆሻሻና የምግብ ትራፊ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ አሳ ይገድላል። በአለቱና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ናይትራይትን በጣም ወደሚሻለው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ጥቂት አሞኒያ እየጨመሩ በመመርመሪያ መከታተል ነው፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ዜሮ ሲወርዱ ገንዳው እንስሳ መቀበል ይችላል። ውሃው ሙቅና ፒኤቹ ከፍ ያለ በሆነ ቁጥር የአሞኒያ መርዛማነት ይብሳልና መቻኮል እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። አርባ ምንጭ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ፒኤችና አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) መለካት የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም።

ዋናው ፈተና ሙቀትና የመብራት መቋረጥ ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ከተማ ናትና ቀን ቀን አየሩ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ማሞቂያ ሲገዛ እዚህ ያለው ማቀዝቀዣ ያስባል። ርካሹ መላ ክፍት ገንዳ ላይ ቬንትሌተር መልቀቅ ነው፤ ውሃው እየተነነ ጥቂት ዲግሪ ይበርዳል። ሲተን ግን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ዘላቂ መፍሰሻ ወንዝ የሌለው ጫሞም ጨው የሚያጠራቅመው በዚሁ መንገድ ነው። የጎደለው ስለዚህ በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፣ ኦክስጅን ይመናመናል። ሙቅና ጨዋማ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ ከተማዋም 1,285 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ያነሰ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም የመብራት ጌጥ በፊት ይገዛ እላለሁ። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ሰው ጃካርታ ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ሕያው አለት፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ ኮራል እንደሚያኖሩ አሳይቷል። የባሕር ውሃ በቅርቡ ነበረለት፤ ቢሆንም የመሣሪያ ብዛት ቁም ነገር አለመሆኑን ያስተማረው እሱ ነው።

እንስሳቱ በሕግ ይመጣሉ። አጽም የሚሠሩ የድንጋይ ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። አባያ ዳር ያለው የአርባ ምንጭ አዞ ራንች የሚያወጣውም ቆዳ የሚነገደው በዚሁ ስምምነት ወረቀት ነው፤ ከተማዋ ለጉዳዩ እንግዳ አይደለችም። ከገንዳ የወጣ ውሃና ፍጡር ግን ወደ ኩልፎ ወንዝም ወደ ሐይቅም አይደፋ። ለአበባው ሲባል ከአገር አገር የዞረው እምቦጭ አባያ ላይ ምን እንዳደረገ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

በመጀመሪያ አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎች ይግቡ፣ ቀጥሎ አንድ ሁለት ክላውን አሳ። ከኮራል ለስላሶቹ ይቀድማሉ፤ ዲስኮሶማ የሚባለው ብርሃን ቢያንሰውም ውሃው ትንሽ ቢዛነፍም ይታገሳል። ዞአንቲድ ቆንጆ ቢሆንም አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለው፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ ያለበት አለትም በፈላ ውሃ አይታጠብም። ድንጋይ የሚሠሩት ኮራሎች ካልሲየምና አልካሊኒቲ ከውሃው በየቀኑ ስለሚወስዱ፣ ባለቤቱ እነዚህን ሁለቱን በየሳምንቱ መለካትና መተካት ልማዱ እስኪሆን ድረስ ይቆዩ።