ነጩ ነጠላ ወዴት ሄደ?

ቪዲዮ መጭመቅ የዕለት ሥራዬ ነው። ሰሞኑን የአንድ ሠርግ ቀረጻ ስጨምቅ፣ የሙሽራዋ አክስት እስክስታ ሲወርዱ ነጠላቸው መሀሉ ላይ ሲርገፈገፍ አየሁ። ጥለቱ ደህና ነው፤ ነጩ ግን የተጣፈ ይመስላል። ምስሉን አቁሜ ኢንኮደሩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ የገመተውን እንቅስቃሴ በቀስት የሚያሳየውን ካርታ ከፈትኩ። ጥለቱ ላይ ቀስቶቹ አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ነጩ ላይ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን።

ኢንኮደሩ ሁሉንም ፍሬም እንዳለ አያስቀምጥም። ምስሉን 16 በ16 ፒክስል ካሬዎች ይከፍልና እያንዳንዱ ካሬ ቀድሞ የት እንደነበር ይፈልጋል። በየአቅጣጫው 16 ፒክስል ብቻ ርቆ ቢፈልግ እንኳ 1,089 ቦታ ይሞክራል፤ በየቦታው 256 የፒክስል ልዩነት ይደምራል። ለ1920 በ1080 ምስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ይህ በየሰከንዱ ወደ 57 ቢሊዮን ልዩነት ነው። አንድ ፕሮሰሰር አንድ በአንድ እየቆጠረ ልሥራው ቢል ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ።

ስለዚህ ሥራው በደቦ ይሠራል። በ1999 የወጣው ፔንቲየም 3 የ8 ፒክስል ልዩነት በአንድ ትእዛዝ ይደምር ነበር፤ የዛሬው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ካሬዎችን በአንድ ጊዜ ያሰማራል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ደቦ ነው። ነጭ ካሬ ከየትኛውም ነጭ ካሬ ጋር ይመሳሰላል። ብቻውን ሲጠየቅ፣ የካሜራው ጥቃቅን ነጠብጣብ ወዳዘነበለበት ይሄዳል። በ2003 የጸደቀው የቪዲዮ መጭመቂያ ደረጃ ኤች 264 ለዚህ የሚጠቅም ዘዴ አለው፤ የካሬው አቅጣጫ አስቀድሞ ከግራ፣ ከላይና ከላይ በስተቀኝ ካሉት ጎረቤቶቹ ይገመታል፤ ከግምቱ በራቀ ቁጥር ተጨማሪ ቢት ይከፍላል። ኢንኮደሩ ይህን ወጪ ካሰላ ነጭ ካሬ ያለ ምክንያት ከጎረቤቶቹ አይለይም፤ የጥለቱ አቅጣጫም ካሬ በካሬ ወደ ነጩ ይዘልቃል። ግን ጎረቤትን ለመጠየቅ እሱ እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ደቦውን ያስፈታል። እኔ የመረጥኩት ፈጣኑ አሠራር ይህን ጥያቄ ዘሎት ነበር።

መካከለኛ መንገድ አለ። የታችኛው ረድፍ የላይኛው ሁለት ካሬ ሲቀድመው ይጀምራል፤ ሥራው እንደ ደረጃ በሰያፍ ይወርዳል። ብዙ እጅ ይሠራል፤ ማንም ግን ጎረቤቱን ሳይሰማ አይወስንም።

እንደዚያ አድርጌ ደገምኩት። ሰዓቱ ረዘመ፤ የአክስትየው ነጠላ ግን መልሶ አንድ ጨርቅ ሆነ።