«አይነሡ እማማ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ»

አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሚሠራው ሐበሻ ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ከላይ ያለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምለው ቆጥሬው አላውቅም።

አንዲት የአገራችን እናት ሲገቡ ዎከራቸውን (የመራመጃ መደገፊያቸውን) ይዘው መጸዳጃ ቤት ራሳቸው ይሄዱ ነበር። ልጆቻቸው «እናታችን እንዳትለፋብን» ብለው አደራ አሉን። እኛም በዊልቸር ገፋናቸው፣ አለበስናቸው፣ አጎረስናቸው። በአራተኛው ወር ከወንበር ለማስነሣት ሁለት ሰው አስፈለገ። ሁሉም «እርጅና ነው» አለ። እርጅናው ድርሻውን ወስዷል፤ የቀረውን ያደረግነው እኛ ነን።

እምነቱ ይኸው ነው፦ ሽማግሌ ሲያርፍ ጉልበቱ ይቆጠብለታል። ትኩሳት ላለበት ወይም ገና ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሰው እውነት አለው። የመውደቅ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ የዳሌ ስብራት ስንቱን አልጋ ላይ አስቀርቷል። ጉልበት ግን እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲውሉ ሲደረግ፣ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀለጠ። ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ የሚሉትን ከእድሜ ጋር የሚመጣ የጡንቻ መሳሳት፣ መቀመጥ ያፋጥነዋል።

«በዚህ እድሜ ምን ጡንቻ ይገነባል?» ለሚሉም መልስ ከተገኘ ቆይቷል። በ1990 ቦስተን ውስጥ አማካይ እድሜያቸው 90 የሆነ 10 የመንከባከቢያ ቤት ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። እጅ ማወዛወዝ አልነበረም፤ ከባድ ክብደት ነው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የዘጠኙ የእግር ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ከዘራቸውን ጣሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው ቢባል፣ በ1994 በ100 ሰዎች ላይ ተደግሟል፤ ከእነሱ ክብደት ያነሡት ጥንካሬያቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የእርምጃቸው ፍጥነት ግን የጨመረው 12 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ እማማ ሩጫ ይጀምራሉ የሚል ካለ አትመኑት። ለእሳቸው ግን ያለ ሰው እርዳታ መጸዳጃ ቤት መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

ዊልቸር ፈጣን መሆኑን አውቃለሁ። አንዲትን እናት እስከ ምሳ ክፍል በእግራቸው ለማድረስ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሌሎችም እየጠበቁ ነው። የሚያናድደኝ የሠራተኛን እጥረት «አክብሮት» ብለው የሚጠሩ አለቆች ናቸው። መጀመሪያው ቀላል ነው፦ የማይንሸራተት ጫማ፣ ባለመደገፊያ ጠንካራ ወንበር፣ አጠገብ የሚቆም ሰው፤ ከዚያ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ። ሲለመድ ይጨመራል። የልብ ችግር ካለ ሐኪም፣ ከተገኘም ፊዚዮቴራፒስት ይጠየቅ።

ሌሎቹን የተሳሳቱ እምነቶች ቶሎ ልጨርስ። «ወፍራም ስለሆኑ ደህና ናቸው»፦ ስብ ጡንቻ አይደለም፤ ሰውነታቸው የሞላ ሆኖ እግራቸው የከዳቸው ብዙ ናቸው። «ጥሩ አጥሚት ያነሣቸዋል»፦ በ1994ቱ ጥናት ገንቢ መጠጥ ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች አልጠነከሩም። ምግብ የሚጠቅመው ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። ሆኖም ብዙ አረጋውያን ፕሮቲን ያንሳቸዋል፤ ባለሙያዎች የሚመክሩት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ አለው። የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጾሙስ? ቤተ ክርስቲያን የታመመና የደከመ ሰውን አታስገድድም፤ እማማ ግን እሺ አይሉም። ያኔ ሽሮውን ወፈር አድርጎ፣ ምስርና ፉል ጨምሮ፣ ማዕዱን ክፍላቸው ከማምጣት ይልቅ እሳቸውን ወደ ማዕዱ ማስነሣት ነው።