ቀይ ጤፍ፦ ገበያው ያራከሰው፣ ቤተ ሙከራው ያከበረው

በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ የእህል ገበያዎች የጤፍን ዋጋ በአብዛኛው የሚቆርጠው ቀለሙ ነው፤ ማኛ ከላይ፣ ነጭ ቀጥሎ፣ ሰርገኛ ከመካከል፣ ቀይ ከታች። ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው «ቁንጮ» እንኳ የተዳቀለው ምርታማነትን ከንጣት ጋር ለማገናኘት ነበር።

ቤተ ሙከራ ግን ደረጃውን ይገለብጠዋል። ፌሩሊክ አሲድን የመሳሰሉ ፌኖሊክ ውህዶች በብዛት የሚገኙት በፍሬው ሽፋን ላይ ነው። ሴሎችን የሚጎዱ ፍሪ ራዲካሎችን ስለሚያረግቡ አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። በምርመራ ቀይ ጤፍ በአብዛኛው ከነጩ የበለጠ ይዞ ተገኝቷል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑም እንደ ስንዴ ፉርሽካው ሳይወጣ ይፈጫል፤ ሽፋኑም አብሮ ይበላል።

ይሁንና ፌኖሊኮች ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ሊቀንሱ ይችላሉ። በቤተ ሙከራ የታየ ባሕርይም መድኃኒት አያሰኝም። ቀይ ጤፍን «ፈዋሽ ነው» ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው።

ለነጋዴው ዋናው ነገር ጥራቱ ነው። ቀዩ ከነጩ ከተደባለቀ ሰርገኛ ይሆናል፤ የተሻለ ዋጋ የሚጠየቅበት ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለዳቦ ቤት ወይም ለእንጀራ ላኪ የሚያቀርብ ነጋዴ ቀዩን ለብቻው ይግዛ፣ ለብቻው ያከማች፣ ለብቻው ያስፈጭ፤ ከመዋዋሉ በፊትም ናሙናውን ያስመርምር።